ጫፉ በጉም የተሸፈነ ተራራ፤ የሜሪ ኪንግስሊ የሕይወት ታሪክ

ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሲወራ እኛ ተማሪዎች አስቀድመን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የት ተማረ፣ ምን ዲግሪ አለው የሚለው ነው። መልሱ ካላረካን ሰውየውን ለመስማት ያለን ፍላጎት ወዲያው ይቀንሳል። በዚህ ጽሑፍ ታሪኳን የምናወሳት ሴት ለዚህ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ አልነበራትም። ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፤ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍም የረገጠችው የወንድሟን ቤት ለማሰናዳት ስትል ብቻ ነው። ዳሩ ግን የምዕራብ አፍሪካን ደን፣ ወንዙንና ዓሣውን፣ የሕዝቡንም ሕግና እምነት በሚመለከት በዘመኗ ከነበሩት ሊቃውንትና ሹማምንት ጋር ፊት ለፊት የተከራከረች ሴት ናት። በካሜሩን አገር ያለውን ታላቅ ተራራም ደኑን ሰንጥቃ እስከ ጫፉ ወጥታዋለች። እንዴት እንደ ወጣችና ከጫፉ ላይ ምን እንዳገኘች ብንመረምር፣ ለእኛም የሚጠቅም ነገር ሳናገኝበት አንቀርም ብለን እናምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ ሄንሪዬታ ኪንግስሊ የተወለደችው ኦክቶበር 13 ቀን 1862 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፣ ኢዝሊንግተን በተባለው ሰፈር ነው። አባቷ ጆርጅ ኪንግስሊ ሐኪም ነበር። ይሁን እንጂ ባለጸጎችና መኳንንት ወደ ሩቅ አገር ሲጓዙ እየተከተለ የሚያክም ሐኪም ስለ ነበረ፣ ከዓመቱ የሚበዛውን ወራት የሚያሳልፈው ከቤቱ ርቆ ነው። እናቷ ሜሪ ቤይሊ አስቀድሞ በቤት ሠራተኝነት ያገለገለች ስትሆን፣ ጋብቻው የተፈጸመው ልጅቱ ከመወለዷ ከአራት ቀን በፊት ነበር። አጎቷ ቻርልስ ኪንግስሊ ግን በእንግሊዝ አገር የታወቀ ደራሲ ነበር። እንግዲህ ቤቱ ባንድ ወገን የተከበረ ስም ያለው፣ በሌላው ወገን ደግሞ የሚያፍርበትን ነገር በዝምታ የሚሸፍን ቤት ነበር ማለት ነው።

እናቲቱ ሕመምተኛ ስለ ነበረች የቤቱ ሥራ በሙሉ በሜሪ ትከሻ ላይ ወደቀ። በ1866 የተወለደው ወንድሟ ቻርልስ ጊዜው ሲደርስ ሕግ ሊያጠና ካምብሪጅ ገባ። በ1886 ቤተሰቡ በሙሉ መኖሪያውን ወደ ካምብሪጅ አዛወረ። ለወንድሟ ትምህርት ሁለት ሺሕ ፓውንድ ያህል መውጣቱን እርሷ ራሷ በኋላ ጽፋለች። ለእርሷ የተከፈለው ገንዘብ ግን ጀርመንኛ ለመማር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ቢሆን ለአባቷ ጽሑፍ ረዳት እንድትሆን ታስቦ ነው። ታዲያ ሜሪ ምን አደረገች ቢባል፣ አባቷ ያከማቸውን መጽሐፍ ሁሉ ማንበብ ጀመረች። የጉዞ ታሪክ፣ የኬሚስትሪና የመካኒክ መጽሐፍ ሳትመርጥ አነበበች። የመካኒክ መጽሔት እያስመጣች የቤቱን የውኃ ቧንቧ ራሷ ትጠግን እንደ ነበር ይነገራል። በቀን ሕመምተኛ እያስታመመች፣ ከዚያ የተረፋትን ሰዓት በመጽሐፍ ላይ እያሳለፈች ወደ ሠላሳ ዓመት ተጠጋች።

በ1892 ፌብሩዋሪ ላይ አባቷ ሞተ። ከሁለት ወር በኋላም እናቷ ተከተለች። ልጅነቷንና የወጣትነት ዘመኗን የፈጀው ሸክም ባንድ ጊዜ ሲወርድላት፣ ሜሪ ማረፍን ሳይሆን መሄድን መረጠች። አባቷ ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች እምነትና መሥዋዕት የጀመረውን መጽሐፍ ሳይፈጽም ስለ ሞተ፣ የጎደለውን ለመሙላት አሰበች። ለዚህም ሥራ የመረጠችው ምዕራብ አፍሪካን ነው። በዚያን ዘመን ይህ ጠረፍ በወባና በልዩ ልዩ ትኩሳት ብዙ አውሮፓውያንን ስለ ፈጀ፣ የነጭ ሰው መቃብር የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ወዳጆቿ ሁሉ እንድትቀር ቢመክሯትም አልሰማችም።

የመጀመሪያውን ጉዞ በ1893 ኦገስት ከሊቨርፑል ወደብ ተነሥታ ጀመረች፤ ሴራ ሊዮንን፣ አንጎላንና ኮንጎን አይታም ተመለሰች። በዚህ ጉዞ የሰበሰበችውን ዓሣ በብሪቲሽ ሙዚየም የነበረው ሊቅ አልበርት ጉንተር መርምሮ ስለ ወደደላት፣ ለሁለተኛው ጉዞ የመሰብሰቢያ ዕቃ ተሰጣት። ሁለተኛው ጉዞ የተጀመረው በ1894 ዲሴምበር ሲሆን፣ ካላባር በተባለችው የዛሬዋ ናይጄሪያ ከተማ ወራት ከተቀመጠች በኋላ ወደ ጋቦን ተሻገረች። በዚያም ኦጎዌ የተባለውን ትልቅ ወንዝ አስቀድሞ በመርከብ፣ መርከብ የማይደርስበትን ደግሞ በታንኳ ወጣች።

ሜሪ በዚህ ጉዞ የተጠቀመችበት ዘዴ አስተዋይነቷን የሚያሳይ ነው። ወታደር አላስከተለችም፤ የሃይማኖት ሰባኪም አልነበረችም። ጨርቅ፣ ትምባሆና የዓሣ መንጠቆ ይዛ እንደ ነጋዴ ሄደች። ምክንያቱም ነጋዴ የሚሸጠውና የሚገዛው ስላለው ለምን መጣህ ተብሎ ብዙ አይጠየቅም፤ በገበያም ላይ ሰው ከሰው ጋር ይነጋገራል። በዚህ መንገድ ብዙ አውሮፓውያን ሰው በላ ናቸው እያሉ ከሚፈሯቸው ከፋንግ ሰዎች ጋር በየመንደራቸው አደረች፤ በደኑ ውስጥም መሪ ሆነዋት ከኦጎዌ እስከ ሬምብዌ ወንዝ ተሻገረች። አንድ ቀን ለአውሬ በተቆፈረና ሹል እንጨት በተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። ያዳናት እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርደው ወፍራሙ ቀሚሷ ነበር። ብዙ ሰዎች ሱሪ እንድትለብስ መክረዋት ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ እየነገረች ትስቅባቸው ነበር።

አሁን ወደ ተራራው እንመለስ። የካሜሩን ተራራ ከአትላንቲክ ባሕር ዳር ተነሥቶ ከ4000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። ከራስ ዳሸን 500 ሜትር ያህል ቢያንስም፣ ወደ ራስ ዳሸን የሚወጣ ሰው መንገዱን የሚጀምረው ከደጋ ላይ ሲሆን የካሜሩኑን የሚወጣ ግን ከባሕሩ ውኃ አጠገብ ይጀምራል። ግርጌው ሙቀትና እርጥበት የበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ከደኑ በላይ ሣር ይለብሳል፤ ከሣሩ በላይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራው የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይና ብርድ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል ከግርጌው ባለችው ደቡንድሻ በተባለች መንደር በዓመት 10000 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ ይህም በአዲስ አበባ ከሚጥለው ከስምንት እጅ የማያንስ ነው።

ተራራው ባለቤት አልባ አልነበረም። በጎኑ ላይ የሚኖሩት የባክዌሪ ሰዎች ሞንጎ ማ ሎባ ብለው ይጠሩታል፤ ኤፋሳ ሞቶ የሚባል እኩሌታው ሰው እኩሌታው ድንጋይ የሆነ መንፈስ ይኖርበታል ብለውም ያምናሉ። ጀርመኖች በ1884 ካሜሩንን ግዛታችን ነው ብለው ካወጁ በኋላ በ1891 ቡኤያ የተባለውን የተራራ መንደር ሊይዙ ቢዘምቱ፣ ኩቫ ሊኬንዬ በተባለው አለቃ የሚመሩት ባክዌሪዎች መለሷቸው፤ የጀርመኑም አዛዥ ፎን ግራቬንሮይት በዚያው ሞተ። ጀርመኖች ኃይላቸውን አጠናክረው ተመልሰው ቡኤያን የያዙት በ1894 ዲሴምበር ነው። ሜሪ ኪንግስሊ በመንደሩ ስታልፍ ይህ ከሆነ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። እንግዲህ የወጣችበት መንገድ የተከፈተው በጦርነት መሆኑን መርሳት አይገባንም።

ወደ ጫፉም ለመድረስ እርሷ የመጀመሪያዋ አልነበረችም። የተፈጥሮ ተመራማሪው ጉስታቭ ማንና የታወቀው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ከ1861 መጨረሻ እስከ 1862 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ወጥተውበታል። ሜሪ ግን በእነርሱ መንገድ ሳይሆን እንግሊዛዊ ባልሞከረው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ልትወጣ ቆረጠች። ዓላማዋም ተራራ ወጣች ለመባል አልነበረም። ከጫፉ ላይ ሆና ከካላባር በስተ ጀርባ ያለውን፣ በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን ያላጠኑትን የተራራ ሰንሰለት አቅጣጫ ለማየት ነበር።

ሴፕቴምበር 20 ቀን 1895 ዓ.ም. ቪክቶሪያ ከተባለችው፣ ዛሬ ሊምቤ ተብላ ከምትጠራው የወደብ ከተማ ተነሡ። ጊዜው ክረምት ነበር። ጀርመኖች ያስጀመሩት መንገድ ለጊዜው የጎርፍ መውረጃ ሆኖ ስለ ነበር፣ በጭቃ ውስጥ እየሰመጡ በዝናብ ተደብድበው ቡኤያ ደረሱ። ቡኤያ ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚያ የነበረው ጀርመናዊ መኮንን በደኅና ተቀበላት፤ በዚህ ወራት መውጣቱ ግን እንደማያዋጣ ሰው ሁሉ ነገራት። እርሷ ግን ተሸካሚዎቿን ይዛ ወደ ላይኛው ደን ገባች።

በደኑ ውስጥ ያጋጠማቸው ችግር ለመስማት የሚያስገርም ነው። ዝናቡ ሌሊትና ቀን ሲጥል፣ የሚጠጣ ውኃ ግን ጠፋ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው መሬት የዘነበውን ሁሉ እየዋጠ ወደ ታች ስለሚያሰርገው፣ ከፍ ባለው ቦታ ምንጭ በቀላሉ አይገኝም። የተያዘው ውኃ እንደማይበቃ የታወቀው ከሰፈሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዎች ያን ቁልቁለት ተመልሰው ከቡኤያ ውኃ እንዲያመጡ ተላኩ፤ የቀሩትም በብርድ እየተንቀጠቀጡ ጠበቁ። ከቆላ የመጡት ተሸካሚዎች እንዲህ ያለ ብርድ ፈጽሞ አያውቁም ነበር፤ ብርድ ልብሱም ከዝናቡ የተነሣ ጠቀሜታ አልነበረውም። ብዙዎቹ እንመለስ አሉ፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም።

ሴፕቴምበር 26 ቀን ወደ ጫፉ ወጣች። አብረዋት ከተነሡት ጥቂት ሰዎች ውስጥ አንዱ ሲታመም፣ ሌላውም ሲደክም እየቀሩ በመጨረሻ ብቻዋን ሆነች። ነፋሱ ሊጥላት እየታገላት፣ ጉሙ መንገዱን እየሰወረባት ድንጋዩን በእጅዋ እየጨበጠች ወጣች። ስትደርስ ግን የታያት ነገር ቢኖር ነጭ ጉምና ዝናብ ብቻ ነበር። ባሕሩ የለም፤ ደኑ የለም፤ ልታየው የመጣችው የተራራ ሰንሰለትም የለም። ለተራራው አክብሮት ስትል ስሟ የታተመበትን ካርድ በድንጋዮቹ መካከል ትታ ወረደች።

በኋላ ይህን ስትጽፍ የኩራት ቃል አላወጣችም። ደስታ ሳይሆን ንዴት እንደ ተሰማት፣ ተራራ ወጪ የሚባል ሰው ባሕርይም እንደሌላት በግልጽ ተናገረች። በቀልድ ዓይነት ብቻ ራሷን ከወንዶቹ ጋር ቆጥራ ወደዚህ ጫፍ የወጣች ሦስተኛው እንግሊዛዊ አድርጋዋለች። ስለዚህ ጉዞ የጻፈችውን ላነበበ ሰው የሚታየው ነገር፣ ከጫፉ ይልቅ ስለ መንገዱና ስለ ሰዎቹ የተጻፈው መብዛቱ ነው። ተሸካሚዎቹ ምን እንደ በሉ፣ ምን እንደ ፈሩ፣ በምን እንደ ተጣሉና እንደ ሳቁ ሁሉ ይገኝበታል። ዜንያ፣ ባም፣ ከፋላ እያለች በአጭር ስም ትጠራቸዋለች፤ ከእነርሱም አንዱ አለቃው፣ ሌላው ወጥ ቤቱ ከመባል በቀር ስም የለውም። ውኃ የቀዱት፣ ድንኳንና ስንቅ የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ከዚህም የተሻለ ቦታ ይገባቸው ነበር ብለን እናስባለን። ሆኖም በዚያን ዘመን ብዙ ተጓዦች ተሸካሚዎቻቸውን ከጭነት ለይተው እንደማይጽፏቸው ስናስብ፣ እርሷ እንደ ሰው ማሳየቷ ዋጋ አለው።

በ1895 ኖቬምበር መጨረሻ አገሯ ስትገባ ጋዜጠኞች ከበቧት። ለብሪቲሽ ሙዚየም ካመጣቻቸው ዓሦች ሦስቱ ዓይነት በስሟ ተሰይመዋል። በ1897 የታተመው ስለ ምዕራብ አፍሪካ ጉዞዋ የሚተርከው ትልቅ መጽሐፍ ወዲያው ታወቀ፤ በ1899 ሌላ መጽሐፍ አስከተለች። በየከተማው እየተጠራች ትናገር ጀመር። ይሁን እንጂ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው ተረታችን በእንግሊዝ አገርም የሚሠራ ነበር፤ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1893 ጥቂት ሴቶችን ካስገባ በኋላ በሩን ዘግቶ እስከ 1913 ድረስ ቆይቷል።

ያገኘችውን ዝና የተጠቀመችበት በምን ነው ቢባል፣ ለክርክር ነው። በ1898 እንግሊዞች በሴራ ሊዮን የጎጆ ግብር በማውጣታቸው ሕዝቡ ሲነሣ፣ ሜሪ የቅኝ አገር ሚኒስትሩን ጆሴፍ ቻምበርሌንን ተቃወመች። በአፍሪካ ሕግ ዓይን ሰው በራሱ ቤት ግብር ከከፈለ ቤቱ የራሱ አይደለም ማለት ነው ስትል አስረዳች። ይህን ልታውቅ የቻለችው ከቢሮ ወረቀት አይደለም፤ በየመንደሩ አድራ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣ ጠይቃ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ ሕግና ሥርዓት የሌለው ነው ለሚሉትም የምትሰጠው መልስ ይኸው ነበር።

ነገር ግን ወድደን እንዳንሳሳት የሚያስፈልገውን እንናገር። ሜሪ ኪንግስሊ የቅኝ ግዛትን ነቀፈች እንጂ አልጣለችውም፤ አገሩ በሹም ፈንታ በእንግሊዝ ነጋዴ እጅ ቢሆን ይሻላል ትል ነበር። ነጭና ጥቁር በዘር የተለያዩ ናቸው የሚለውንም የዘመኗን አሳብ አልተላቀቀችም። ሴቶች የምርጫ መብት ይሰጣቸው የሚለውን ጥያቄ ተቃውማለች። ለእርሷ የተከለከለውን ነገር ለሌሎች ሴቶች ሲጠየቅ መቃወሟ እኛን ያሳዝነናል። ዓይኗ ብዙ ነገር ያየ ሰው፣ ከአጠገቡ ያለውን ጉም ሳያይ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በ1900 መጀመሪያ እንግሊዞችና ቦኤሮች በደቡብ አፍሪካ ሲዋጉ ለአስታማሚነት ፈቃደኛ ሆና ሄደች። ሳይመንስ ታውን በተባለው ወደብ የተማረኩትን ቦኤሮች እንድታስታምም ተመደበች። በሆስፒታሉ የአንጀት ተስቦ ገብቶ ሰው በየቀኑ ይሞት ነበር። ሁለት ወር ያህል እንደ ሠራች በሽታው እርሷንም ያዛት፤ ጁን 3 ቀን 1900 ዓ.ም. በ37 ዓመቷ አረፈች። እንደ ፈቃዷም ሬሳዋ በወታደር ክብር ወደ ባሕር ተጣለ። ሕይወቷን ሕመምተኛ በማስታመም ጀምራ ሕመምተኛ በማስታመም ፈጸመች። በማግሥቱ ዓመት ወዳጆቿ በስሟ መታሰቢያ ስለ አፍሪካ የሚያጠና ማኅበር በሎንዶን አቋቋሙ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ታሪክ በመጽሔታችን ያወጣነው ስለ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ስለ ጫፉ ነው። እኛም እያንዳንዳችን ዲግሪ የሚባለውን ጫፍ እያየን እንወጣለን። ከዚያ ስንደርስ አገሩ ሁሉ ወለል ብሎ የሚታየን ይመስለናል። የሜሪ ኪንግስሊ ታሪክ ግን ጫፍ ላይ መድረስና ማየት አንድ እንዳልሆኑ ያስተምረናል። በጉሙ ምክንያት ከጫፉ ያገኘችው ነገር አልነበረም፤ ቻምበርሌንን የተከራከረችበት ዕውቀት በሙሉ ከመንገዱ የተሰበሰበ ነው። በመንገዱ ላይ ሰው ያልጠየቀ፣ መንደሩን ሳያይ ያለፈ፣ ፈተና ብቻ እየቆጠረ የወጣ ተማሪ፣ ጫፉ ላይ ሲቆም ጉም ቢሆንበት ምን ይዞ ይወርዳል?

ሁለተኛው ስለ እኅቶቻችን ነው። ሁለት ሺሕ ፓውንድ ለወንድሟ ሲከፈል ጓዳ የቀረችው ልጅ ዕድሜዋን በዚያው ፈጅታ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ባልኖረ። ወላጆቿ ሳይሞቱ ከቤት ለመውጣት አለመቻሏ፣ የቀረላትም ዕድሜ ስምንት ዓመት ብቻ መሆኑ ሊያስቈጨን ይገባል። ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የምናገኛት፣ እግራችንን ልታጥብ ውኃ ይዛ የምትቀርበው እኅት አለችን። እኛ እዚህ የተቀመጥነው እርሷ እዚያ ስለ ቀረች እንደ ሆነ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? በዘንድሮው ዕረፍት ከሻንጣችን መጽሐፋችንን አውጥተን ለእርሷ ብንሰጣት፣ ያነበበችውንም ብንጠይቃት፣ ማን ያውቃል፣ ከእኛ አርቃ የምታይ ልትሆን ትችላለች።